እድራችን ከድንኳኑ በፊት ምን ይሥራ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በዚሁ ስብሰባ ስለ ድንኳኑ መቀደድና ስለ ጠፉት ብርጭቆዎች ስንከራከር መዋላችን የሚታወስ ነው። ዘንድሮ ግን ኮሚቴው «እስቲ እርስዎ ደግሞ ያሰቡትን ይናገሩ» ብሎ ዕድሉን ስለ ሰጠን፣ ከብርጭቆው ከበድ ያለ ነገር ይዘን ቀርበናል። የምንናገረው ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ነው። ገና ስሙን ስንጠራው አንዳንድ ወንዶች ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ማየት መጀመራችሁን ታዝበናል። ምንም አይደለም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ አብረን ጣሪያውን እናይ ነበር።

አስቀድመን እንድታውቁልን የምንፈልገው፣ እኛ ሐኪም አይደለንም። ትምህርታችን ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ከዚያ በኋላ በሞጣም፣ እዚህ በቢቸናም በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ፋይል ስናስርና ስንፈታ ኖረን ጡረታ ወጣን። ስለ በሽታው የምንናገረው ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውንና በራሳችን ቤት የደረሰውን ብቻ ነው። የጐደለውን ከመካከላችሁ ያሉት ነርሶች ይሙሉልን፤ የተሳሳተውንም ያርሙን።

ነገሩን ከራሳችን ቤት እንጀምር። ታላቅ እኅታችን ሞጣ ትኖር ነበር። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባት ጠላና አረቄ እየሸጠች አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። እኛ ለሥራ ሞጣ በተመደብን ጊዜ ከጓዳዋ ከፍላ ያስተኛችን፣ ደመወዝ እስኪወጣም ያበላችን እሷ ናት። የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ጊዜ ካለፈው በኋላ ደም ይታያት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። «የዕድሜ ነው» ብላ ዝም አለች። ቆይቶ ሽታ ሲጨመርበት፣ ጠላ የሚጠጡት ደንበኞች እንዳይሸሿት ብላ ዕጣን ማጨስ አበዛች። አንድ ቀን ልንጠይቃት ሄደን «ምነው እታለም፣ ቤትሽ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ?» ብለን ቀልደናል። እሷም አብራን ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬም ልንረሳው አልቻልንም።

ወገቧን ማመም ሲጀምራት ወደ አንድ የጤና ድርጅት ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ማስታገሻ ተሰጣት፤ «ኢንፌክሽን ይሆናል» ተብሎም ኪኒን ተጻፈላት። በሦስቱም ጊዜ ግን አልጋ ላይ አስተኝቶ በወጉ ያያት ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን ደሙን አልተናገረችም። መርማሪው የልጅዋ እኩያ የሆነ ወጣት ስለ ነበረ «ወገቤን ነው» ከማለት በቀር አንደበቷ አልታዘዛትም። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ መከመር አይገባንም። እሷ አፈረች፣ እሱም አፈረ፣ እኛ ወንድሟ ደግሞ ዕጣኑ እየሸተተን እንኳ አልጠየቅናትም።

በመጨረሻ ልጅዋ ምስጢሩን ነገረችንና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት። አንዲት ሴት ሐኪም በደንብ መረመረቻት። ከዚያም እኛን ለብቻችን ጠርታ፣ «አባባ፣ ቆይታችኋል። አሁን በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም። የጨረር ሕክምና ነው የሚያስፈልጋት፤ ለዚያም አዲስ አበባ መሄድ አለባት» አለችን። ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከትግራይም፣ ከሶማሌም፣ ከወለጋም፣ ከጎጃምም የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ የሚሰለፈው እዚያው አንድ በር ላይ ነው። ወረፋው የወራት መሆኑን ያልሰማ አልነበረም።

ይህንን ለእኅታችን ስንነግራት፣ «ወንድምዓለም፣ ላሚቱን ሸጣችሁ እኔን ከምታንከራትቱ ለልጆቹ ትቅርላቸው» አለችን። ተከራከርናት። እውነቱን ለመናገር ግን ክርክራችን ያን ያህል የጠነከረ አልነበረም። የመሳፈሪያውን፣ የአልጋውን፣ የአስታማሚውን ስንቅ ሂሳብ በልባችን እየደመርን ነበርና። በሰኔ ወር ዐረፈች።

የሞጣ እድሯ ግዴታውን አሳምሮ ተወጣ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮው፣ እንጀራው፣ ውኃው አንድም አልጐደለም። ሰው ቀብሯን አጥለቀለቀው። ሠልስቱ እስኪወጣ ሴቶቹ ከቤቷ አልጠፉም። የሞጣን ሰው ውለታ እስከ ዕለተ ሞታችን አንረሳውም። ነገር ግን የጸሐፊነት አመል ሆኖብን፣ ማታ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠን የዚያን ቀን ወጪ በጣታችን ስንደምር፣ የቡና ማኅበሯ ሴቶች በሙሉ ተሳፍረው ባሕር ዳር ደርሰው ለመመለስ የሚበቃ ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ ዛሬ በፊታችሁ ያቆመን ያ ሂሳብ ነው።

አሁን ስለ በሽታው ያወቅነውን ጥቂት እንበል። የቀድሞ ሰዎች ካንሰርን ነቀርሳ ይሉት ነበር። ከወዴት እንደሚመጣ ስለማይታወቅም አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። የማኅፀን በር ካንሰር ግን መነሻው የታወቀ ነው። ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው የሚያመጣው። ይህንን ያረጋገጡት ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ ስለ ሥራቸውም በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በሩካቤ ሥጋ ነው። ታዲያ ይህን ስንሰማ ወዲያው ወደ ሐሜት እንዳንሮጥ! ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው፤ ባልና ሚስት ሆኖ ከሚኖረው ሰው አብዛኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ሳይዘው አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ታግሎ ያጠፋዋል። ከባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴትም ሊይዛት ይችላል፤ ወንዱ ይዞት ይመጣልና። ስለዚህ ስለ ታመመችው ሴት «ምን ሠርታ ይሆን?» የሚል ሰው ካለ፣ መልሱን ከራሱ ቢጀምር ይሻለዋል።

በአንዳንዶቹ ላይ ቫይረሱ ሳይጠፋ ይቀርና የማኅፀኑን በር ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። ጤነኛ በሆነች ሴት ላይ ይህ ለውጥ ወደ ካንሰር ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ባለ፣ መድኃኒቱንም ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ 15 ዓመት ማለት ልጅ ተወልዶ ለአቅመ አዳም የሚቃረብበት ጊዜ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሴትዮዋ ምንም አይሰማትም። ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ገበያ ትወጣለች። ደም፣ ሽታና ሕመም የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ምርመራው የሚያስፈልገው ጤነኛ ለሆነችው ሴት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። «ሳያመኝ ለምን እሄዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ምርመራውስ ምንድን ነው? እኛ ትልቅ መሣሪያ ያለበት ነገር መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ኮምጣጤ ነው! አዎን፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው የኮምጣጤ ዘር፣ በልክ ተበጥብጦ ማለት ነው። አዋላጅዋ ወይም ነርሷ በጥጥ አድርጋ የማኅፀኑን በር ትቀባዋለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ ከዚያ በዓይኗ ታያለች። የተበላሸ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጭ ከሆነና ገና ካንሰር ካልሆነ፣ እዚያው በዚያው ቀን በጋዝ በሚሠራ መሣሪያ አቀዝቅዘው ያክሙታል፤ በሙቀት የሚያክም መሣሪያ ያላቸውም አሉ። አልጋ መያዝ የለም፤ ሰመመን የለም፤ ምላጭም የለም። በአገራችን የተወሰነው ዕድሜ ከ30 እስከ 49 ዓመት ሲሆን፣ ደህና ነሽ የተባለች ሴትም ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ትመለሳለች። ኤች አይ ቪ ያለባት ግን ቀደም ብላ መጀመርና ቶሎ ቶሎ መታየት ይኖርባታል።

አንዲት መምህርት ጎረቤት አለችን። ስሟን አንጠራም፤ እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። በ38 ዓመቷ ለወሊድ መቆጣጠሪያ በሄደችበት «ይህንንም ለምን አትታዪም?» ስትባል እሺ ብላ ታየች። ነጭ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው አቀዘቀዙላት። በዚያን ዕለት ማታ ልጆቿን የቤት ሥራ ስታሠራ ነበር። «ጋሼ፣ ጥርስ ከማስነቀል ይቀላል» ነው ያለችን። ታዲያ በእሷና በእኅታችን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? አገራቸው አንድ፣ መንገዱም ያው የቢቸናና የሞጣ መንገድ ነው። አንዷ ከጤና ድርጅቱ በር ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ገብታ ነበር፤ አንዷ አልገባችም። ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ እኅታችን ዕድሜዋ ለምርመራው በደረሰ ጊዜ ምርመራው ራሱ በአገራችን አልነበረም። በኮምጣጤ የሚደረገው ምርመራ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. ገደማ፣ ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ «አዲስ ተስፋ» በሚል ስም በጥቂት ሆስፒታሎች ሲሆን፣ በመጀመሪያ የታሰበውም ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዳርሷል። እኅታችን አላገኘችውም፤ ዛሬ 40 ዓመት የሆናት ልጅዋ ግን ልታገኘው ትችላለች።

ልታገኘው ትችላለች አልን እንጂ ታገኘዋለች አላልንም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ተመርምረው የነበሩት ከመቶ 3 አይሞሉም። በፈረንጆች 2020 ዓ.ም. ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ አዲስ እንደ ተያዙ፣ ከ5 ሺህ በላይም እንደ ሞቱ ይገመታል። የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ ግን እያንዳንዱ አገር በፈረንጆች 2030 ዓ.ም. ከመቶ 70 ሴቶችን መርምሮ እንዲገኝ ይፈልጋል። ከ3 ተነሥቶ 70 መድረስ ማለት ከአባይ በረሃ ተነሥቶ ጮቄ ራስ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቁጥሩ ያነሰው ለምንድን ነው? «ሕዝቡ ስለማያውቅ ነው» ይባላል። ይህ ግማሹ ነው። እኛ በመዝገብ ቤት ስንሠራ ያየነው ነገር አለ። ማለዳ ላይ ቁጥር ሲታደል ቁጥሩን የሚወስደው ቤቱ ለጽሕፈት ቤቱ የቀረበው ሰው ነው። ከቆላ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የሚመጣው ሲደርስ ቁጥሩ አልቋል። «ነገ ተመለስ» ይባላል። ነገ ማለት ለከተማው ሰው ነገ ነው፤ ለባላገሩ ግን ሌላ ማደሪያ፣ ሌላ ስንቅ፣ ሌላ የጠፋ የሥራ ቀን ነው። ማንም ሰው በክፋት አላደረገውም፤ ቁጥሩ ለሁሉም እኩል ነው የታደለው። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ቀዳሚ፣ አንድ ዓይነት ሰው ደግሞ ተመላሽ መሆኑ ነው።

ምርመራውም እንዲሁ ሆኗል። የምትመረመረው ለወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ለኤች አይ ቪ ክትትል ቀድሞውንም ከጤና ድርጅቱ የምትመላለሰው ናት። ልጅ መውለድ ያቆመች የ42 ዓመት ባላገር ሴት ግን በምን ምክንያት ትገባለች? ልጆቿ አድገዋል፤ ክትባት የለባትም፤ ሕመምም አይሰማትም። ምርመራው የሚፈልጋት ዕድሜዋ ላይ ሆና ሳለ፣ ከበሩ የምትርቅበት ዘመንም ያው ነው። ይህን ነገር አንዲት አዋላጅ ነርስ ስታስረዳን በጣም ነው የገረመን።

ሌላው መንገድ ነው። ከሞጣ ወደ አባይ ወርዶ ያለውን ሰባራ ድልድይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጣሊያን ጊዜ አንዱ ወገኑ ከተሰበረ ወዲህ ለብዙ ዘመን ሰው በገመድ እየታሰረ ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ይሳብ ነበር፤ በኋላ ነው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ የተሠራለት። በልጅነታችን ሲሳቡ አይተናል። የሚሻገረው ጉልበት ያለውና ገመዱን የሚስብለት ዘመድ ያለው ነው። ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያያል። ዛሬም ሳቢ ዘመድ የሌላት ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አዲስ አበባ የገቡባት፣ ዓይኗ የማያይ ወይም እግሯ የማይታዘዝላት ሴት በዚህ እድር ውስጥም አለች። ሆስፒታሉ ካለበት ቀበሌ ብትኖር እንኳ የምርመራው አልጋ ላይ የሚያወጣት ሰው ያስፈልጋታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ደግሞ የመንገዱን ችግር እኛ ከምንናገረው እናንተ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ እሱን በዚሁ እንለፈው።

ስለ ገንዘቡም አንዳንድ ሰው «የጤና መድን አለ አይደል?» ይላል። መድኑ ጥሩ ነው፤ እኛም ከፍለን ደብተሩን ይዘናል። ነገር ግን መድኑ የሚከፍለው ለሕክምናው ነው። የመኪናውን፣ የማደሪያውን፣ አብሯት የሚሄደውን ሰው ምሳ አይከፍልም፤ ያልተሸጠውን ጠላም አይከፍልም። ለአረቄ ሻጯ ትልቁ ወጪ ያ ነው። በዚያ ላይ ሄዳ «ዛሬ ጋዙ አልቋል» ወይም «የሠለጠነችው ነርስ ለስብሰባ ሄዳለች» ብትባል አትመለስም። ብትመለስም ጎረቤቷን ይዛ አትመጣም።

ዕፍረትም አለ። መርማሪዋ ሴት እንድትሆንላቸው የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ባልም አለ። እናንተ ወንዶች፣ አሁን ጣሪያውን ተዉትና እዩን። ሚስቱን «ምን አግኝተሽ ነው የምትመረመሪው?» የሚል ባል በዚህ አዳራሽ እንዳለ እናውቃለን። ጠበልም አለ። እኛ ጠበል የምናምን ሰዎች ነን፤ እኅታችንንም ወስደናታል። ነገር ግን ጠበል የገባች ሴት ሐኪም አትይ ያላት ካህን አላጋጠመንም። ሁለቱን የምናጣላቸው እኛው ነን።

እዚህ ላይ የእድራችንን መዝገብ እናንሣ። መዝገቡን ዓመቱን ሁሉ ስለምንጽፈው በቃላችን እናውቀዋለን። የአባሉ ስም፣ የሟች ስም፣ ዝምድና፣ የሞቱበት ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ የተቀባይ ፊርማ። አለቀ። በምን እንደ ሞቱ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት እናቶችን በዚህ በሽታ እንደ ቀበርን ብትጠይቁን መልስ የለንም። «ታማ ነበር» ብቻ ነው የምንባባለው። ገንዘቡን እስከ ሳንቲሙ ጽፈን፣ ሰዎቹ የሄዱበትን ምክንያት ሳንጽፍ ኖርን።

እንግዲህ ያሰብነው የሚከተለው ነው። ከእድሩ ትርፍ ገንዘብ ላይ በየዓመቱ ጥቂት ተነሥቶ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆነ ሴት አባሎችና የአባል ሚስቶች ለምርመራው መሳፈሪያ ይሁን። ለሁሉም እኩል ይሰጥ አላልንም። ቤቷ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር የሆነች ምን ያደርግላታል? በመጀመሪያ ለብቻዋ ለምትኖረው፣ ከከተማው ርቃ ላለችው፣ ሳትሸጥ ከዋለች ለማትበላው ይሰጥ። መራመድ ለማትችለው ደግሞ የባጃጅና የአጋዥ ይታሰብላት። ከመሄዳቸው በፊት አንድ የኮሚቴ አባል ቀድሞ ሄዶ ጋዙ መኖሩን፣ ነርሷም መኖሯን ያረጋግጥ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሳይሆን በቡና ማኅበራቸው ተሰብስበው ይሂዱ፤ እንዲያ ከሆነ «እከሊት ምን ሆና ነው?» የሚል አይኖርም። ከዚህ የበለጠ ሕክምና ያስፈልጋታል ተብላ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር የምትላክ ብትኖር፣ ለሞቷ ከተመደበው ገንዘብ ላይ ከፊሉ በሕይወት ሳለች ይሰጣት።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገርም አለ፤ ቅጣቱ። በደንባችን መሠረት ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ለምርመራ ቀጠሮ ይዛ ሳለች ጥሩምባ ቢነፋስ? ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት በዚሁ ምክንያት ቀጠሮዋን ትታ ቀብር እንደ ወጣች ሰምተናል። ሙት ልትቀብር ብላ የራሷን ነገር ተወች ማለት ነው። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ያሳየች እንዳትቀጣ ደንቡ ይሻሻል።

ይህንን ሐሳብ ቀደም ብለን ለኮሚቴው ስናቀርብ የተነሡ ተቃውሞዎች ነበሩ፤ መደበቅ አይገባም። ገንዘብ ያዣችን «በአንድ ወር ሦስት ሰው ቢሞትብንስ ምን ይዤ ልከፍል ነው?» ብለዋል። ትክክል ናቸው። ገንዘብ ያዥ እንደዚህ ካልፈራ ገንዘብ ያዥ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ተቀማጭ እንዳይነካ፣ ወጪውም ከቅጣት ገንዘብና ድንኳኑንና ዕቃውን ለሠርግ ከምናከራየው ኪራይ ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል። በዚህ መጠን ብዙ ሴት አይሄድም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው። አንድ አባት ደግሞ «እድር የተቋቋመው ለሞት ነው፤ ለሕክምና ሌላ ቤት አለው» አሉን። አባታችንን እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ኤች አይ ቪ ሰውን በጨረሰበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ቀብሩ ሲበዛባቸው፣ በሕይወት ያሉትን ሕሙማንና የሙት ልጆችን ወደ መርዳት ተመልሰዋል። ያንን ያደረጉት ደግነት ስለ በዛባቸው ብቻ አልነበረም፤ ሣጥኑ ስለ ጐደለባቸውም ነው። የእኛም ሣጥን የሚጐድለው በቀብር እንጂ በመሳፈሪያ አይደለም።

ስለ መዝገቡም፣ የበሽታው ስም የሚጻፍበት አንድ ዓምድ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርበናል፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ብቻ፣ ያውም መዝገቡ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ሆኖ። ይህን ጉባኤው ይወስንበት።

ከ50 ዓመት በላይ ለሆናችሁ እናቶችም አንድ ቃል አለን። በኮምጣጤ የሚደረገው ምርመራ በእናንተ ዕድሜ በደንብ አያሳይም፤ የሚያየው ቦታ ወደ ውስጥ ይሸሻልና። ስለዚህ የወር አበባችሁ ከቆመ በኋላ አንዲት ጠብታ ደም ብታዩ፣ የዕድሜ ነው አትበሉ። በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ደሙን በስሙ ጥሩት። ወገቤን ነው አትበሉ። ስለ ጡት ካንሰር ብዙ መናገር ነበረብን፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ የሚበዛው እሱ ነው። ጊዜው ስለማይበቃ ይህን ብቻ እንበል፤ ጡት ላይ የወጣ እብጠት ስላላመመ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ይታይ።

የልጃገረዶቹ ነገር ግን ደስ የሚል ነው። የቫይረሱ መከላከያ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል፤ አሁን አንድ መርፌ ብቻ ነው። «መኻን ያደርጋል» የሚል ወሬ እዚህም ደርሶ ነበር። ሐሰት ነው። የልጅ ልጃችን ተከትባለች፤ እኛው ነን ወስደን ያስከተብናት። ሐኪሞች እንደ ነገሩን፣ የተከተበችውም ዕድሜዋ ሲደርስ ምርመራው አይቀርላትም። ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ያላችሁ፣ ክትባቱ በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ እሷ እንዳትረሳ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። የሚረሱት ሁልጊዜ ከመዝገቡ ውጭ ያሉት ናቸው።

እንግዲህ ዳኛችን ከምሳ በኋላ ሐሳቡን ለድምፅ ያቀርቡታል። ያልተስማማ ሰው ተነሥቶ ይናገር፤ አንቀየምም። ድምፁ ካለፈ፣ ለመጀመሪያው ጉዞ የሚሄዱት የሚመዘገቡት ገበያ በማይውልበት ቀን እንዲሆን ነው። ስም መጻፊያው ከበሩ አጠገብ ከተቀመጠችው ሴት አባላችን ዘንድ ነው። እኛ ዘንድ አትምጡ፤ ለወንድ ስሟን መናገር የሚያሳፍራት ትኖራለችና። ደብተሩን ግን እኛው አስምረን ሰጥተናታል።